ስለ መርዝ እጣቢና እርሱን ስለሚያጠፉ ጥቃቅን ተሕዋስያን

ሰው እህሉንና ከብቱን ከተባይ ለማዳን የሚያዘጋጀው መርዝ፤ ተባዩን ካጠፋ በኋላ እርሱም አብሮ የሚጠፋ አይደለም። ከመርጫው ዕቃና ከከብት መንከሪያው ገንዳ የሚወጣው እጣቢ በየሜዳው ሲደፋ አፈሩ ይጠጣዋል፤ ዝናቡም ወደ ወንዝ ያወርደዋል፤ በመጨረሻም ዓሣውንና ውሃውን የሚጠጣውን ሁሉ ይጎዳል። በወንዝ ከተበተነ በኋላ ለቅሞ መመለስ እጅግ የሚያስቸግር ስለሆነ፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፤ እጣቢው ገና በአንድ ስፍራ ተጠራቅሞ ሳለ መድኃኒት ሊፈለግለት ይገባል።

ለዚህ ከሚረዱት ጥበቦች አንዱ የጥቃቅን ተሕዋስያን ሥራ ነው። እነዚህ በዓይን የማይታዩ ፍጥረቶች የወደቀውን ቅጠልና የሞተውን እንስሳ አፍርሰው ወደ አፈር የሚመልሱ ናቸው። ሰው በፋብሪካ የሠራውን መርዝ እንኳ የሚያፈርሱ ከመካከላቸው ይገኛሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ሴቱናታንና ዮሺዳ የተባሉ ሊቃውንት፤ በፊሊፒንስ አገር ዲያዚኖን የሚባል መርዝ ከተደረገበት የሩዝ ማሳ ውሃ፤ ይህንኑ መርዝ የሚያፈርስ ባክቴሪያ ለይተው አወጡ። ባክቴሪያው ኢንዛይም በሚባለው ረቂቅ መሣሪያ የመርዙን ማያያዣ ይበጥሰዋል፤ ማያያዣው ሲበጠስም የመርዙ ብርታት እጅግ ይቀንሳል።

ዳሩ ግን ተሕዋስያኑን በእጣቢው ላይ እንዲሁ መድፋት ብዙ አይጠቅምም፤ ከውሃው ጋራ ፈስሰው ይሄዳሉና። ስለዚህ ሊቃውንት በአንድ ስፍራ የሚያጸኑበትን ብልሃት አገኙ። አንደኛው፤ ከባሕር ሣር የሚወጣውን አልጂኔት ከተሕዋስያኑ ጋራ ቀላቅሎ ካልሲየም ባለበት ውሃ ውስጥ ማንጠባጠብ ነው። ጠብታው ወዲያው ረግቶ እንደ አተር ያለ ለስላሳ ፍሬ ይሆናል፤ ውሃውና መርዙ ሲገቡበት ተሕዋስያኑ በውስጡ ተይዘው ይቀራሉ። ሁለተኛው፤ ተሕዋስያኑ በጠጣር ነገር ላይ ተጣብቀው እንዲያድጉ አድርጎ፤ እጣቢውን በላዩ ደጋግሞ ማፍሰስ ነው። ከቀደመው ሊጥ የቀረው እርሾ የሚቀጥለውን ሊጥ እንደሚያቦካ፤ በስፍራቸው የጸኑት ተሕዋስያንም አንዱን እጣቢ ጨርሰው ሌላውን ይቀበላሉ።

ይህ ሥራ በሰፊው ከተፈተነባቸው ጉዳዮች አንዱ በአሜሪካና በሜክሲኮ ወሰን ያለው የከብት መንከሪያ ነው። የከብት ትኩሳት የሚባለውን በሽታ መዥገር እንደሚያስተላልፈው ስሚዝና ኪልቦርን በ1893 ካስረዱ በኋላ፤ የአሜሪካ መንግሥት መዥገሩን የማጥፋት ዘመቻ በ1906 ጀመረ። ከጊዜ በኋላም ከሜክሲኮ የሚገቡ ከብቶች ኩማፎስ የሚባል መርዝ በተበጠበጠበት ገንዳ እንዲነከሩ ተደረገ። አገልግሎቱን ጨርሶ የሚጣለው የገንዳ ውሃ በሺህ ሊትር የሚቈጠር ስለሆነ፤ የእርሻ ሚኒስቴሩ ሊቃውንት ተሕዋስያን የጸኑበት ማጣሪያ ሠሩ። በ1998 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደገለጹት፤ 11,000 ሊትር እጣቢ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ተፈትኖ፤ በአንድ ሊትር 2,000 ሚሊግራም የነበረው መርዝ በ14 ቀን ገደማ ወደ 10 ሚሊግራም ወረደ፤ ይኸውም ከሁለት መቶ እጅ አንዱ ብቻ ቀረ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ተሕዋስያን ሁሉን ይችላሉ ማለት አይደለም። ያ ፈተና የተደረገው ከ25 እስከ 29 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲሆን፤ ብርድ ሥራቸውን ያዘገየዋል። አንዱን መርዝ የሚያፈርሰው ሌላውን ላያፈርስ ይችላል፤ ዲ.ዲ.ቲን የመሰለው መርዝ በብዙ ዓመት እንኳ በጭንቅ ይፈርሳል። ደግሞም ኩማፎስ ሲበጠስ ክሎርፌሮን የሚባል ዝቃጭ ስለሚተው፤ እርሱም እስኪጠፋ ድረስ ሥራው ተፈጸመ አይባልም።

መርዝን ቸል ማለት ምን ያህል ድካም እንደሚያመጣ ኢትዮጵያ ታውቀዋለች። በየመጋዘኑ ተከማችቶ ያረጀው የተባይ መርዝ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት እስከ ፊንላንድ ድረስ ተጭኖ በእሳት እንዲቃጠል ተደርጓል። እንግዲህ በሥልጣን ላይ ያሉት ሁሉ አስቀድመው ሊያስቡበት የሚገባው፤ እጣቢው የሚጠራቀምበትን የማያፈስ ገንዳ ማሠራት ነው። ያልተጠራቀመውን እጣቢ ተሕዋስያን ሊደርሱበት አይችሉምና። ሕዝቡን የሚያስተምሩ አባቶችም የመርጫ ዕቃ በምንጭና በወንዝ ዳር እንዳይታጠብ ቢመክሩ፤ ከማናቸውም ማጣሪያ የሚቀድመውን ሥራ ሠርተዋል።