ስለ ብስክሌት የዲስክ ፍሬን ሸራ አለዋወጥና አጠባበቅ

ብስክሌት የሚነዳ ሰው ኹሉ መሄድን ፈጥኖ ይማራል፤ መቆምን ግን ብዙ ጊዜ የሚያስበው ቍልቍለት ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። የወላይታ ሶዶ ከተማ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከዚያ በሁምቦ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርድ ሰው 800 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በገበያ ቀን በመንገዱ ዳር ሕፃናት፥ ሽማግሌዎች፥ ሸክም ያዘሉ ሴቶችና ከብቶች ይመላለሳሉ። ስለዚህ ፍሬኑ የማይዝ ብስክሌት የሚያሰጋው ነጂውን ብቻ ሳይኾን በእግሩ የሚሄደውንም ኹሉ ነው።

ዛሬ ከሚሸጡት የተራራ ብስክሌቶች ብዙዎቹ የዲስክ ፍሬን አላቸው። ይህ ዐይነት ፍሬን አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ፍሬድሪክ ላንቸስተር የተባለ እንግሊዛዊ በ1902 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለመኪና የሚኾን የዲስክ ፍሬን በስሙ አስመዝግቦ ነበር። አሠራሩም እንዲህ ነው። በጎማው መካከል ከሞዞው ጋራ የሚዞር ስስ የብረት ዲስክ አለ፤ ነጂው የፍሬኑን እጀታ ሲጨብጥ ኹለት ሸራዎች ዲስኩን ከግራና ከቀኝ ይጨብጡታል። ሸራ የሚባለው በብረት ገበታ ላይ የተለጠፈ ጠንካራ ልባስ ነው። ዲስኩ ከመሬት ከፍ ያለ ስለ ኾነ የክረምት ጭቃ እንደ ጎማው ጠርዝ አያገኘውም።

ፍሬን የሩጫን ኀይል ወደ ሙቀት ይለውጣል። ነጂውና ብስክሌቱ አብረው 80 ኪሎ ቢመዝኑና 800 ሜትር ቢወርዱ፥ ነፋስ የሚወስደው ካልተቈጠረ፥ የሚወጣው ሙቀት 1.8 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህን ኹሉ የሚችሉት እነዚያ ትንንሽ ሸራዎች ናቸው፤ እየተፋቁም ያልቃሉ። ሸራ የተሠራው እንዲያልቅ ነው፤ ጥፋቱ ማለቁን አለማየት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ አስቀድሞ መመልከት ይገባል።

ሺማኖ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ የልባሱ ውፍረት 0.5 ሚሊሜትር ሲደርስ ሸራው እንዲለወጥ ያዝዛል፤ ዲስኩንም 1.8 ሚሊሜትር የነበረው ወደ 1.5 ሲሳሳ እንዲሁ። ብረት በብረት ላይ ሲፋጭ የሚሰማ ድምፅ ካለ ግን ልባሱ ያለቀ መኾኑን ያመለክታልና በዚያ ብስክሌት አይነዳ።

ለመለወጥ የሚፈልግ ሰው ይህን ሥርዐት ይከተል።

አንደኛ፤ ዲስኩ እስኪበርድ ይቈይ፤ የጋለ ዲስክ እጅ ያቃጥላል። ከዚያ ጎማውን ያውጣ። ጎማው ወጥቶ ሳለ እጀታውን ማንም እንዳይጨብጥ ይጠንቀቅ፤ ቢጨበጥ ሸራዎቹ ይገጥማሉ፥ ዲስኩም መግቢያ ያጣል።

ኹለተኛ፤ በዘይት የሚሠራ ፍሬን ከኾነ፥ አሮጌዎቹ ሸራዎች ሳይወጡ በመካከላቸው ጠፍጣፋ ነገር አግብቶ ፒስተኖቹን በቀስታ ወደ ኋላ ይግፋ። በሽቦ የሚሠራ ከኾነ ሽቦውን ያላላ።

ሦስተኛ፤ ሸራዎቹን የያዘውን ብሎን ይፍታ፥ ወይም ቍልፉን በፒንሳ አቅንቶ ይሳብ። ሸራዎቹንና በመካከላቸው ያለውን ሞላ አቀማመጣቸውን አስተውሎ ያውጣ።

አራተኛ፤ ቅርጻቸው ከአሮጌዎቹ ጋራ አንድ የኾኑ አዲስ ሸራዎችን፥ ኹለቱንም ባንድነት፥ ልባሳቸው ፊት ለፊት እንዲተያይ አድርጎ ከሞላው ጋራ ያግባ። ሲይዛቸውም የብረቱን ጀርባ እንጂ ልባሱን አይንካ። ብሎኑን ወይም ቍልፉን መልሶ ያጥብቅ።

አምስተኛ፤ ጎማውን መልሶ፥ እጀታው ጠንከር እስኪል ደጋግሞ ይጨብጥ፤ ከዚያ ጎማውን ያሽከርክር። ዲስኩ ከሸራው ጋራ የሚፋተግ ከኾነ፥ የፍሬኑን አካል ከብስክሌቱ ጋራ ያያያዙትን ኹለት ብሎኖች ላላ አድርጎ፥ እጀታውን እንደ ጨበጠ ያጥብቃቸው።

አዲስ ሸራ ወዲያው ሙሉ ኀይሉን አይሰጥም። ስለዚህ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ፈጠን ብሎ እየነዳ፥ ጨርሶ ሳይቆም እስከ እግር ጉዞ ፍጥነት ድረስ ማቀዝቀዝን 20 ጊዜ ያህል ይደጋግም፤ ለፊተኛውም ለኋለኛውም ፍሬን ለየብቻ። ይህን ሳያደርግ ወደ ቍልቍለት አይውጣ።

የሸራ ዋና ጠላቱ ዘይት ነው። ሰንሰለት ሲቀባ ወደ ዲስኩ እንዳይንጠባጠብ በጨርቅ ይሸፈን። ዲስኩ ሲቈሽሽ በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ይጠረግ። ዘይት የጠጣ ሸራ ይለወጥ እንጂ በእሳት አይለብለብ። የፍሬን ዘይትም ዐይነቱ ኹለት ነውና፥ ፋብሪካው ካዘዘው በቀር ሌላ አይጨመርበት። በቍልቍለት ላይም ፍሬንን ዘወትር ይዞ መውረድ ሸራውን ያግላል፤ ከመታጠፊያው በፊት በኹለቱም ፍሬኖች መያዝና መልሶ መልቀቅ ይሻላል።

አስተማሪ ይህን በትምህርት ቤቱ ግቢ በአንድ ብስክሌት ላይ ቢያሳይ፥ ልጆቹ የሙቀትንና የመፋተግን ትምህርት በዐይናቸው ያያሉ። ሽማግሌዎችም በየቤታቸው ብስክሌት ያለውን ወጣት ከገበያ ቀን በፊት «ሸራህን አየኸውን?» ብለው ቢጠይቁት፥ ትንሽ ጥያቄ ብትመስልም ሕይወት ታድናለች።