የወላጆች ጠብና የልጅቷ ደብተር

ውድ ባለትዳሮች፤ ለመሆኑ ሌሊት ስትጨቃጨቁ ልጆቻችሁ እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስላችኋል? እንደ አቀስታ ባለ ብርዳማ የደጋ ከተማ፣ ኑሮ ዝቅ ባለባቸው ሰፈሮች፣ ብዙ ቤተሰብ በአንዲት ክፍል ያድራል። ወላጆችንና ልጆችን የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። ልጅ ዓይኑን ይጨፍናል እንጂ ሁሉንም ይሰማል።

ሌሊቱን በፍርሃት ያሳለፈች ልጅ ጠዋት ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች። የባሰው ግን ከጠቡ በኋላ የሚመጣው ነው። እናት ተደብድባ ስትተኛ ወይም አኩርፋ ወደ ወላጆቿ ስትሄድ እንጀራ የሚጋግረው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ ሕፃን የሚያዝለው ማን ነው? ታላቂቱ ሴት ልጅ ናት። ወንድሟ ደብተሩን ይዞ ይሄዳል፤ እሷ ትቀራለች። ዛሬ አንድ ቀን፣ ነገ ሁለት ቀን እያለ ፈተና ያመልጣታል፤ በኋላም «ትምህርት አይገባትም» ይባላል። እንዴት ብሎ ይግባት?

ቀጥሎ የሚመጣው ሽማግሌ ነው። ቤቱ ለከበዳት ልጅ ጋብቻ መውጫ መስሎ ይታያታል፤ ለድሃ አባትም አንድ አፍ ይቀንሳል። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት የአማራ ክልል ሴቶች ግማሽ ያህሉ የተዳሩት 16 ዓመት ገደማ ሳይሞላቸው ነበር። በዚሁ ጥናት በአገሪቱ ከተጠየቁት 100 ሴቶች 63 ያህሉ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ብለዋል። ይህን ያሉት ሴቶቹ ራሳቸው መሆናቸውን ልብ በሉ! እኛ እንደምናምነው ይህ ትምህርት የሚጀመረው ከዚያው መጋረጃ ጀርባ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወደ 18 ከፍ አደረገው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ዕድሜዋ 13 ዓመት የሞላትን ለጋ ልጅ ያገባ እስከ 3 ዓመት፣ 13 ያልሞላትን ያገባ እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። ሚስትን መደብደብም በዚሁ ሕግ ያስቀጣል፤ «የቤት ገመና ነው» ማለት አያድንም።

ከቅጣቱ ይልቅ እኛን የማረከን በምዕራብ ጎጃም፣ በሞሰቦ፣ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. «ብርሃነ ሔዋን» በሚል ስም የተሠራው ሥራ ነው። ለልጃገረዶቹ የትምህርት ቁሳቁስ ተሰጠ፤ ወላጆችና ጎረቤቶች ተሰብስበው ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ ተነጋገሩ። ሳትዳር ለቆየች ልጅና ለቤተሰቧ በመጨረሻ አንዲት ፍየል ተሸለመ። ፍየል ምን ታደርጋለች ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች ዘንድ ጋብቻው ከሌላው መንደር ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀንሶ፣ በትምህርት ቤት የተገኙትም በልጠው ታይተዋል። ብዙ አባት ልጁን የሚድረው ጠልቷት ሳይሆን እጁ አጥሮት ኖሯል።

እናንተስ? የምትችሉትን ያህል ልጅ፣ በምትችሉበት ጊዜ ለመውለድ ተመካከሩ፤ የጠቡ መነሻ ብዙ ጊዜ የቤት ወጪ ነውና። የቤቱን ሥራ ለወንዱም ለሴቷም አከፋፍሉ። ንዴት ሲመጣ ባል ወጣ ብሎ ይመለስ። እህቴ፣ ዱላው ካልቆመ ለምርመራ ስትመጪ ነርሷን ለብቻ ማነጋገር እንደምትፈልጊ ንገሪያት፤ ባልሽ ውጭ እንዲቆይ መጠየቅ መብትሽ ነው።