የሕሙማን መረጃ መጠባበቂያና የዲስኮች አደረጃጀት

እንደ ብቸናና ሞጣ ባሉ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ሆስፒታሎች የሕሙማን መዝገብ ከካርድ ክፍል መደርደሪያ ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር አንድ ጥያቄ አብሮ ይመጣል፤ ይኸውም ዋናው ሰርቨር ሌሊት ቢበላሽ፣ ጠዋት ተመላላሽ ሕሙማን ተሰልፈው ሳለ መረጃው በስንት ሰዓት ይመለሳል የሚለው ነው። ለፔኒሲሊን አለርጂ ያለበት ሰው መዝገብ ለአንድ ቀን እንኳ ቢሰወር ጉዳቱ የቢሮ ሥራ መስተጓጎል ብቻ አይሆንም።

በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ መረጃን በተከታታይ ሲጽፍ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ያህል ይችላል። ማንበቢያው ከቦታ ቦታ እንዲዘል ሲገደድ ግን በሰከንድ 100 ያህል ጥያቄዎችን ብቻ ስለሚያስተናግድ ፍጥነቱ ወደ ጥቂት ሜጋባይት ያሽቆለቁላል። ባለ 1 ጊጋቢት ኔትወርክም በሰከንድ ከ110 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። ስለሆነም በአነስተኛ ሆስፒታል መዘግየትን የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ የዲስክ ማነስ ሳይሆን የሥራ መደራረብ ነው። የራጅ ምስሎችና የላቦራቶሪ ውጤቶች ቅጂ በተለያየ ሰዓት ቢወሰድ፣ የሰርቨሩ ሥርዓተ ክወናም በራሱ ዲስክ ላይ ቢቀመጥ ብዙ ይቃለላል። ተደጋጋሚ መረጃን የሚያስቀሩ ፕሮግራሞች ቦታ ይቆጥባሉ፤ ነገር ግን ቅጂውን በየቦታው ስለሚበታትኑት፣ ችግሩ የሚታየው መረጃው ሲመለስ ነው።

ዲስኮችን በማጣመር ረገድ ሬይድ 5 ለአንዲት ትንሽ ጽሕፈት አራት፣ ሬይድ 6 ስድስት፣ ሬይድ 10 ሁለት የዲስክ ሥራዎችን ይጠይቃል። የመጠባበቂያ ጽሕፈት ግን በአብዛኛው ትልልቅና ተከታታይ በመሆኑ ይህ ልዩነት የሚፈራውን ያህል አይከብድም። ይበልጥ አሳሳቢው የጥገናው ጊዜ ነው። የተበላሸን ባለ 8 ቴራባይት ዲስክ በአዲስ ለመተካት፣ በሰከንድ 150 ሜጋባይት እንኳ ቢጻፍ፣ 15 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ሌላ ዲስክ ቢወድቅ ሬይድ 5 ሁሉንም ያጣል፤ ሬይድ 6 ግን ይተርፋል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢም ባትሪ የሌለው የመቆጣጠሪያ ካርድ ገና ያልተጻፈን መረጃ ያጠፋል።

ሬይድ ራሱ መጠባበቂያ አይደለም፤ እሳትንም ስርቆትንም አይመልስም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት መቋረጡም ሁሉን በኢንተርኔት ላይ መጣል እንደማይበጅ አሳይቷል። ብቸናና ሞጣ በደብረ ወርቅ በኩል በአንድ መንገድ ይገናኛሉና፣ በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ዲስክ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ወስዶ ማስቀመጥ ይቻላል። ቅጂው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ በየጊዜው እየተመለሰ የፈጀው ሰዓት ካልተመዘገበ ግን፣ የጠዋቱ ሰልፍ ስንት ሰዓት እንደሚቆም ማንም አስቀድሞ ሊናገር አይችልም።