የተመጣጠነ ምግብና የአከርካሪ ሕክምና ክብደትን በመቀነስ ረገድ ያላቸው ድርሻ

መግቢያ

ከመጠን በላይ የወፈረ ሰው ክብደቱን ለመቀነስ ሲነሣ ሁለት ነገሮች ያስቸግሩታል። አንደኛው የለመደው አመጋገብ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እንዳይንቀሳቀስ የሚይዘው የወገብና የጉልበት ሕመም ነው። በአሜሪካ ካይሮፕራክቲክ የተባለውን የአከርካሪ ሕክምና ከሚሠሩ ባለሙያዎች አንዳንዶቹ እነዚህን ሁለቱን በአንድነት ይዘው፣ በአንድ በኩል የምግብ ምክር በመስጠት፣ በሌላ በኩል አከርካሪን በእጅ በማስተካከል ክብደት እንዲቀንስ እናደርጋለን ይላሉ። በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ወገባቸውን ሲያማቸው ከዚህ ሕክምና ጋር መተዋወቃቸው አይቀርም። ገንዘቡን የሚከፍለው ሕመምተኛው ነውና ከሁለቱ የትኛው ምን እንደሚሠራ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። ይህ አጭር ጽሑፍ የተዘጋጀው ይህንኑ ለመለየት ነው።

1. ካይሮፕራክቲክ ምንድን ነው?

ስሙ ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ሲሆን ትርጉሙ «በእጅ መሥራት» ማለት ነው። መሥራቹ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር ይባላል። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1895 በአዮዋ ግዛት በዳቨንፖርት ከተማ ሳለ፣ ሃርቪ ሊላርድ የተባለ የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ ጀርባ ላይ ከቦታው የተዛነፈ የመሰለውን አጥንት ገፍቶ መለሰ። ሊላርድ ለ17 ዓመታት ያህል ጆሮው አይሰማም ነበርና፣ በዚህ ምክንያት መስማት ቻለ ሲል ፓልመር ተናገረ። ከዚህም ተነሥቶ ከመቶ 95 እጅ የሚሆነው በሽታ የሚመጣው ከተዛነፉ የአከርካሪ አጥንቶች ነው ብሎ ጻፈ።

ይሁን እንጂ የመስማት ነርቭ ከጆሮ ወደ አንጎል የሚደርሰው በራስ ቅል ውስጥ ነው እንጂ በጀርባ በኩል አያልፍም። ስለዚህ የፓልመር አሳብ ከመነሻው ከሐኪሞች ጋር አላስማማውም። ክርክሩም ብዙ ዘመን ቆየ። ለሙያው በመጀመሪያ የፈቃድ ሕግ ያወጣው የካንሳስ ግዛት ሲሆን ይኸውም በ1913 ነው፤ የመጨረሻው ሉዊዚያና በ1974 ፈቀደ። በ1987 ደግሞ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ካይሮፕራክተሮችን ለማግለል ያደረገው አድማ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ተፈረደበት። ፍርዱ ግን ስለ ነጻ ውድድር የተሰጠ ነው እንጂ ሕክምናው ለሁሉም በሽታ ፍቱን መሆኑን የሚመሰክር አልነበረም።

የአገራችን አንባቢ ይህን ሲሰማ ወጌሻን ማሰቡ አይቀርም። ሁለቱ በእጅ መሥራታቸው ያመሳስላቸዋል። ነገር ግን ወጌሻ በይበልጥ የሚጠራው ለተሰበረና ለወለቀ አጥንት ነው፤ ካይሮፕራክተር ግን ያልተሰበረውንና ያልወለቀውን፣ የደነደነውን ወይም የሚያመውን መገጣጠሚያ በፍጥነት ገፋ በማድረግ ያፍታታል።

2. ለወገብ ሕመም ያለው ጥቅም

አከርካሪ በአንገት 7፣ በደረት 12፣ በወገብ 5፣ በጠቅላላው 24 የሚንቀሳቀሱ አጥንቶች አሉት። የላይኛውን ሰውነት ክብደት በብዛት የሚሸከሙት አምስቱ የወገብ አጥንቶች ናቸው። ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የታችኛው ጀርባ ሕመም ብዙ ጊዜ አብረው የሚገኙ መሆናቸው በጥናት ታይቷል።

የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ለታችኛው ጀርባ ሕመም አስቀድሞ መድኃኒት የሌለበት ሕክምና እንዲሞከር ሲመክር፣ ከሙቀትና ከማሸት ጋር አከርካሪን በእጅ ማስተካከልንም ጠቅሷል። ጥቅሙ ግን መጠነኛ ነው። ድንገት የጀመረ የወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በምንም ቢታከም ከጊዜ ጋር ይሻላል። ለቆየው ሕመም ደግሞ የሰውነት እንቅስቃሴ ራሱ ከተመረጡት ሕክምናዎች አንዱ ነው።

3. አከርካሪን ማስተካከል ክብደት ይቀንሳልን?

አንዳንድ ማስታወቂያዎች «የተዛነፈ አጥንት ነርቭን ስለሚጫን የምግብ ፍላጎትንና ምግብ በሰውነት ውስጥ የሚቃጠልበትን መንገድ ያዛባል» ይላሉ። ይህን አባባል በሰውነት አሠራር መመርመር ይቻላል። ረኃብና ጥጋብን የሚቆጣጠረው ሥፍራ በአንጎል ውስጥ ይገኛል። ወደዚያ ከሚደርሱት መልእክቶች አያሌዎቹ በደም የሚጓዙ ናቸው። በ1994 የታወቀው ሌፕቲን ከስብ ይመነጫል፤ በ1999 የታወቀው ግሬሊን በይበልጥ ከጨጓራ ይመነጫል። ከጨጓራ ወደ አንጎል የሚወጣው ዋና ነርቭ፣ ማለት ቬገስ የተባለው፣ ከራስ ቅል ሥር በቀጥታ የሚወርድ ስለሆነ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል አይወጣም። በሊላርድ ጆሮ ላይ የተሠራው ስሕተት እዚህም ላይ ተደግሟል ማለት ነው።

አከርካሪን በማስተካከል ብቻ ክብደት ይቀንሳል የሚለው ቃል በታመነ ማስረጃ አልተደገፈም። ሕክምናው ሊያደርግ የሚችለው ሕመምን ማስታገሥና ሰውየው እንዲራመድ መርዳት ነው። ይህም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም።

4. የምግብ ድርሻ

ሰውነት የሚወፍረው ከሚያቃጥለው ይልቅ የሚቀበለው ኀይል ሲበልጥ ነው። አንድ ግራም ስብ ወይም ዘይት 9 ኪሎ ካሎሪ፣ አንድ ግራም ስኳር፣ ስታርች ወይም ፕሮቲን 4 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢራመድ የሚያቃጥለው ከ120 እስከ 150 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። እንግዲህ ወጡ ላይ ያለ ልክ የተጨመረ አንድ ማንኪያ ዘይት የግማሽ ሰዓት መንገድ ያህል ነው። ክብደትን በመቀነስ ረገድ ምግብ ከእንቅስቃሴ የበለጠ ድርሻ ያለው ስለዚህ ነው።

የተመጣጠነ ምግብ ማለት ገንቢ፣ ኀይል ሰጪና በሽታ ተከላካይ የሆኑት ምግቦች በልካቸው የተገኙበት ነው። በእኛ ማዕድ ለዚህ የሚሆነው ነገር አይጠፋም። ምስር፣ ሽምብራና አተር ፕሮቲንና አሰር ስላላቸው ቶሎ ያጠግባሉ፤ ጎመንና ሰላጣ በትንሽ ኀይል ብዙ ቦታ ይሞላሉ። ጉዳቱ ያለው በመጠኑና በአሠራሩ ነው። የጾም ምግብ እንኳ ሥጋና ቅቤ ስለሌለበት ብቻ ቀላል ነው ማለት አይቻልም፤ ጾም ዘይትን አይከለክልምና። በሻይም አንድ ሰው በቀን አራት ስኒ በሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢጠጣ፣ 48 ግራም ስኳር፣ ማለት 190 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሳያስበው ይቀበላል። የዓለም የጤና ድርጅት ምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር በቀን ከሚገኘው ኀይል ከመቶ 10 እጅ እንዳያልፍ፣ አትክልትና ፍራፍሬም ቢያንስ 400 ግራም እንዲሆን ይመክራል።

5. የቀነሰው ክብደት እንዳይመለስ

በፍጥነት መራብ ዘላቂ መንገድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 አንሴል ኪስ የተባለው ሊቅ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለ24 ሳምንታት በጎደለ ምግብ አቆይቶ ተመልክቷቸው ነበር። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ፤ ነገር ግን ሰውነታቸው የሚያቃጥለውን ኀይል ቀነሰ፣ ደከሙ፣ ተቆጡ፣ አሳባቸውም ሁሉ ምግብ ሆነ። በኋላ እንደ ልብ መብላት ሲፈቀድላቸው ብዙዎቹ ጥጋብን አላውቅ አሉ።

ከዚህ ጋር በ2002 የታተመውን የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት ማነጻጸር ይጠቅማል። በአሜሪካ ለበሽታው የተቃረቡ 3,234 ሰዎች ተመርጠው፣ አንደኛው ክፍል ከክብደቱ ከመቶ 7 እጅ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተመከረ። የስኳር በሽታ መድኃኒት መሳይ ነገር ብቻ ከወሰዱት ይልቅ በእነዚህ ላይ ከመቶ 58 እጅ ቀንሶ ተገኘ። ለ80 ኪሎ ሰው ከመቶ 7 እጅ ማለት ከ6 ኪሎ ያነሰ ነው። ጉልበትም ከዚህ ይጠቀማል፤ የጉልበት አንጓ ሕመም ባለባቸው ወፍራም ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ አንድ ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና እንደሚያነሣ ታይቷል።

6. ሁለቱን እንዴት ማጣመር ይቻላል?

ቅደም ተከተሉ ይህ ቢሆን መልካም ነው። አንደኛ፣ ሕመሙ በሐኪም ይመርመር። ትኩሳት፣ የእግር መደንዘዝ ወይም መስነፍ፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል፣ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ካለ በቶሎ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። አጥንቱ የሳሳ ሰው አከርካሪው እንዲገፋ መፍቀድ የለበትም። አንገትን በኀይል ማዞርም፣ እጅግ አልፎ አልፎ ቢሆን፣ ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ሊቀድ ይችላል። ሁለተኛ፣ የእጅ ሕክምናው ለጥቂት ሳምንታት ይሞከር፤ ሕመሙ ካልተሻለ ወይም መራመድ ካልቻለ ለብዙ ወራት አስቀድሞ መክፈል አይገባም። ሦስተኛ፣ ሕመሙ ቀለል ባለ ማግሥት መራመድ ይጀመር፤ በ10 ደቂቃ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመር። አራተኛ፣ የምግቡ ለውጥ ሕመሙ እስኪሻል ሳይጠብቅ ከመጀመሪያው ቀን ይነሣ፤ ማንኪያ ለማሳነስ ወገብ አይጠይቅምና።

መደምደሚያ

በጠቅላላው ሁለቱ ዘዴዎች እኩል ባልደረቦች አይደሉም። ክብደትን የሚቀንሰው ምግብ ነው፤ የቀነሰው እንዳይመለስ የሚረዳው የዘወትር እንቅስቃሴ ነው፤ የአከርካሪ ሕክምና ደግሞ ለአንዳንዱ ሰው እንቅስቃሴውን የሚከለክለውን ሕመም ሊያቀልለት ይችላል። በዚህ ልክ የተጠቀመበት ሰው ይረዳው ይሆናል፤ ከዚህ በላይ የጠበቀበት ግን ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን በሽታው የሚጸናበትን ጊዜም ያባክናል። ስለዚህ ለካይሮፕራክተር የሚከፍል ሰው ለሕመሙ ይክፈል፤ የክብደቱን ነገር ግን ከገዛ ድስቱና ከገዛ እግሩ ይጀምር።