ከተራዊህ በኋላ የሚከፈተው ቼስ

የረመዳን ገጻችንን የሚከታተሉ አንዲት እናት በፆሙ የመጀመሪያ ሳምንት ወደ ዝግጅት ክፍላችን ደውለው ነበር። «ልጄ ጫት አይቅምም፣ አያጨስም፣ የማይሆን ቦታ አይውልም። ግን ከተራዊህ መልስ ስልኩ ላይ ቼስ ከከፈተ ሌሊቱን እዚያው ነው። ሐራም ነው እንዳልለው ዕውቀቱ የለኝም፤ ዝም እንዳልለው ሱብሒ እያመለጠው ነው» አሉን። እንዲህ የሚቸገሩት እሳቸው ብቻ እንዳልሆኑ ስለምናውቅ መጥተን እናነጋግራችሁ አልን። «እንግዲያው ለኢፍጣር ኑ» አሉ።

ቤታቸው ኮልፌ ነው። አዛን ሲሰማ በተምርና በውሃ አፈጠርን፤ መግሪብ ሰግደን ወደ ሾርባውና ወደ ሳምቡሳው ተመለስን። ልጁ 19 ዓመቱ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ። ስሜ አይጻፍ ስላለን ስሙን ትተነዋል። መጀመሪያ ላይ ፊቱን አኮሳትሮ ነበር፤ ልንገሥጸው የመጣን መስሎታል። ከመካከላችን አንዱ ቼስ ወዳድ መሆኑን ሲሰማና «እስቲ ጨዋታዎችህን አሳየን» ሲባል ግን ፈገግ አለ። ከተራዊህ እንደተመለስን ስልኩን አምጥቶ መሐላችን ተቀመጠ። አባቱም ሻያቸውን ይዘው ጠጋ አሉ።

የሚጫወተው ሊቼስ በሚባለው መድረክ ላይ ነው። ክፍያ የለውም፣ ማስታወቂያም የለውም። ለእኛ የጠቀመን ግን የተጫወቱትን ሁሉ ከነሰዓቱ መዝግቦ ማስቀመጡ ነው። የመጨረሻዎቹን 20 ጨዋታዎች ከፈትን። ሁሉም በአንድ ሌሊት የተደረጉ ናቸው፤ የመጀመሪያው ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ፣ የመጨረሻው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል። «ይሄ እንዲያውም በጊዜ የተኛሁበት ነው» አለ፣ እናቱ ወዳሉበት ወደ ማድ ቤቱ እያየ።

አጨዋወቱን ለመረዳት ብዙ አልፈጀብንም። ነጭ ሲደርሰው የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ያስኬዳል፣ በሁለተኛው እርምጃ ንግሥቲቱን እስከ ቦርዱ ዳር ያወጣታል፣ በሦስተኛው ፊሉን ያወጣና ከተጋጣሚው ንጉሥ አጠገብ ያለችውን፣ ከንጉሡ በቀር ጠባቂ የሌላትን ወታደር ያነጣጥራል። ተጋጣሚው ካላስተዋለ በአራተኛው እርምጃ ቼክሜት ነው። (ብዙዎች ጳጳስ የሚሉትን መጫወቻ እኛ በድሮ ስሙ ፊል እያልን እንጽፋለን። ፊል በዓረብኛ ዝሆን መሆኑን ሱረቱል ፊልን የቀራ ሕፃንም ያውቃል።)

ጀማሪ ሲገጥመው ይህ ይሠራለታል። ችግሩ የሚመጣው ተጋጣሚው ካስተዋለ ነው። አንድ ወታደር ገፋ አድርጎ ንግሥቲቱን ያባርራታል፤ ስትሸሽ ፈረሱን አውጥቶ መንገዷን ይዘጋባታል። ባባረራት ቁጥር እሱ አዲስ መጫወቻ ወደ ሜዳ ያስገባል፤ የእኛ ልጅ ግን ያችኑ አንዷን ንግሥት ወዲህና ወዲያ ያመላልሳል። ሰባተኛው እርምጃ ላይ ስንደርስ ግንቦቹ፣ አንዱ ፊልና አንዱ ፈረስ ገና ከቤታቸው አልተነሡም። በጥንቱ ሸጥረንጅ ቢሆን ኖሮ ይህ ልማድ አይይዘውም ነበር። በዚያ ጨዋታ የንግሥቲቱ ቦታ የፈርዝ፣ ማለትም የአማካሪው ነበር፤ እሱም በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው። የዛሬዋ ኃያል ንግሥት የመጣችው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ አውሮፓ ውስጥ ነው።

ከ20ዎቹ 12ቱን ተሸንፏል። አንድ በአንድ ስናያቸው በስምንቱ የተሸነፈው አንድ መጫወቻ በነፃ አስበልቶ ነው። ተጋጣሚው ረቂቅ ነገር አልሠራበትም፤ ፈረሱ ሊበላ እንደሆነ በግልጽ እየታየ ሌላ ነገር አንቀሳቀሰ። በሦስቱ ሰዓቱ አለቀበት። በደንብ ተጫውቶ በብልጫ የተሸነፈው አንዱን ብቻ ነው። ያቺን ጨዋታ ስናሳየው ግን አላስታወሳትም።

ከዚህ ሁሉ ያስገረመን ሰዓቱ ነው። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ጨዋታዎች አራቱን አሸንፏል። ከዚያ በኋላ ባሉት 15 ግን ያሸነፈው ሦስት ብቻ ነው። በተሸነፈ ቁጥር ቀጣዩ ጨዋታ የሚጀምረው በሴኮንዶች ውስጥ ነው፤ ውሃ የጠጣበት፣ ቀና ብሎ ያየበት ጊዜ እንኳን የለም። ምክንያቱን ጠየቅነው። «አንዷን ብቻ መልሼ ልተኛ እላለሁ። እንደተሸነፍኩ መተኛት አልችልም» አለ። አባቱ ሻያቸውን አስቀምጠው «እልህ ነዋ» አሉ። እኛም ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘንለትም።

በነገራችን ላይ አገራችን የራሷ ቼስ ነበራት። ሰንጠረዥ ይባል ነበር፤ ዛሬ ቁጥር ለምንደረድርበት መስመርና ዓምድ የምንጠቀምበት ቃል ያው ነው፣ መነሻውም ሸጥረንጅ የሚለው የዓረቦቹ ስም ነው። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ወረራ የሚባል ምዕራፍ ነበር። አንዱ መጫወቻ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ይህን ስናጫውታቸው አባትየው ሳቁ። «የእኔ ልጅ እንግዲህ ወረራው ላይ ቀርቷል ማለት ነው» አሉ። ልጁም አብሮ ሳቀ፤ ከዚያች ቀልድ በኋላ ወሬው ቀለለን።

ወደ እናትየው ጥያቄ እንመለስ። ቼስን በተመለከተ ዓሊሞች ከጥንት ጀምሮ ተለያይተዋል። ብዙዎቹ ከልክለውታል፤ በአገራችን ብዙ ተከታይ ባለው በሻፊዒ መዝሃብ ደግሞ ቁማር ከሌለበትና ከሶላት ካላዘናጋ ሐራም ሳይሆን መክሩህ ነው የሚለው አቋም ይታወቃል። በዘመናችንም ክርክሩ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወቅቱ የሳዑዲ ዓረቢያ ታላቁ ሙፍቲ ጨዋታውን ጊዜና ገንዘብ የሚያባክን፣ ጥላቻንም የሚያመጣ ብለው ከልክለውታል፤ በቀጣዩ ዓመት ማብቂያ ግን የዓለም ፈጣን ቼስ ሻምፒዮና ሪያድ ላይ ተካሂዷል። ፈትዋ መስጠት የእኛ ሥራ አይደለም፤ ቤተሰቡ የሚያምኑትን ኡስታዝ ይጠይቅ። ዓሊሞቹ የሚስማሙበትን ግን መናገር እንችላለን። ገንዘብ ከተያዘበት ቁማር ነው፤ ሶላት ካሳለፈ ደግሞ የፈቀዱትም አይፈቅዱትም።

የገንዘቡን ነገር ስናነሳ ልጁ ዝም አለ። ቆይቶ ባለፈው ዓመት ከሰፈር ልጆች ጋር የ100 ብር ሞባይል ካርድ አስይዞ አንዴ መጫወቱን ነገረን። አባቱ ይህን የሰሙት ገና አሁን ነው። ተቆጡ እንጂ አልጮሁም፤ «በላኸው ወይስ ተበላህ?» ብለው ብቻ ጠየቁት። «በላሁት» አለ። «ነገ ትመልስለታለህ» አሉት። እኛም ወደ ቦርዳችን ተመለስን።

ባልደረባችን መጀመሪያ ያለው ነገር የሦስት ደቂቃውን ጨዋታ ለረመዳን ዝጋው የሚል ነው። በምትኩ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 15 ደቂቃ የሚሰጥ፣ በየእርምጃውም 10 ሴኮንድ የሚጨምር አለ። በሌሊት አንድ ብቻ። ልጁ ቅር አለው። «እሱ እኮ ይሰለቻል» አለ። መሰልቸቱ ግን በከፊል ማሰብን ስላልለመደው ነው። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሰው የሚጫወተው አስቀድሞ የሚያውቀውን ነው፤ የማያውቀውን ለመማር ጊዜ የለውም። ስለዚህ ሺህ ጊዜ ቢጫወት ሺህ ጊዜ ያንኑ ስህተት እያጠበቀ ይሄዳል።

ሁለተኛው ምክር ለጣቱ ነው። ተጋጣሚው ሲያንቀሳቅስ፣ የራስን ሐሳብ ከመቀጠል በፊት «ይሄ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?» ብሎ መጠየቅ። ከዚያም ለማንቀሳቀስ ያሰቡትን በዓይን ብቻ አስቀምጦ፣ ቼክ ይለኛል ወይ፣ የሚበላብኝ ነገር አለ ወይ ብሎ ማየት። ይህ አምስት ሴኮንድ ቢፈጅ ነው። ስምንቱን ሽንፈቶች በዚህ መንገድ እንደገና ስናያቸው ሰባቱን ራሱ በቶሎ አገኛቸው፤ በስምንተኛው ትንሽ አንገራገረ። ዓይን አለው ማለት ነው፤ ጣቱ ነው የሚቀድመው።

ለአጀማመሩ ንግሥቲቱን ቤት አስቀምጦ ፈረስና ፊል እንዲያወጣ፣ ንጉሡንም በጊዜ ወደ ጥግ እንዲያስገባ ነገርነው። ምሳሌ እንዲሆነው አሜሪካዊው ፖል ሞርፊ እ.ኤ.አ. በ1858 ፓሪስ ውስጥ፣ ኦፔራ ቤት ተቀምጦ ሁለት መኳንንትን ያሸነፈበትን ጨዋታ አየን። መኳንንቱ እየተመካከሩ ነው የተጫወቱት። ሞርፊ ያሉትን መጫወቻዎች ሁሉ ወደ ውጊያው ሲያስገባ፣ የእነሱ አንድ ፊልና አንድ ግንብ እስከ መጨረሻው ከቤታቸው አልወጡም። በ16ኛው እርምጃ ንግሥቱን ሰጣቸው፤ በ17ኛው በግንብና በፊል ብቻ ቼክሜት አደረጋቸው። ልጁ ሦስት ጊዜ እያመላለሰ አየው። አባትየው ደግሞ «ንግሥቲቱን ሰጥቶ?» እያሉ ሲገረሙ አመሹ።

ያችን አቻ የወጣባትን ጨዋታ ለመጨረሻ አስቀምጠናት ነበር። አንድ ወታደር በልጦ ነበር፤ ቦርዱ ላይ የቀሩት ሁለቱ ነገሥታትና ያቺ ወታደር ብቻ ናቸው። ወታደሯን ገፋ፣ ገፋ፣ ገፋና የተጋጣሚው ንጉሥ መሄጃ አጥቶ ጨዋታው በአቻ አለቀ። መፍትሔው ንጉሥን ከወታደር ማስቀደም ነው። የራሳችን ንጉሥ ከወታደሩ በቀጥታ ፊት ለፊት ሆኖ ስድስተኛው መስመር ላይ ከቆመ፣ ወታደሩ የቦርዱ ዳር ላይ ያለው ካልሆነ በቀር፣ ተራው የማንም ቢሆን ማሸነፍ ይቻላል። ይህን በአንድ ምሽት መማር ይቻላል፤ ዕድሜ ልክም ያገለግላል። የባግዳዶቹ የሸጥረንጅ ሊቆች እንዲህ ያሉትን የተመረጡ አቀማመጦች መንሱባት ብለው በመጽሐፍ ያሰባስቡ ነበር። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ያረፈው አስ-ሱሊ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ እሱ ያስቀመጠው አንድ እንቆቅልሽ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ መልስ ሳያገኝ ቆይቷል። ልጁም ከአስር ፈጣን ጨዋታ ይልቅ በቀን አምስት እንዲህ ያሉ እንቆቅልሾችን ቢፈታ የበለጠ ያድጋል።

ደብተር ያዝ ያልነውም ለዚሁ ነው። መድረኩ ጨዋታው እንዳለቀ ስህተቶቹን በኮምፒውተር ለይቶ ያሳያል፤ ችግሩ ሰው አይቶ «እህ» ብሎ ያልፋል። መጀመሪያ ራሱ ስህተቱ የቱ ጋ እንደነበር በአንድ መስመር ይጻፍ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ይክፈት።

እናትየው የሰሙት አንድ ጨዋታ የሚለውን ነው። «ሲጨርስስ ስልኩ የት ያድራል?» አሉ። እኛ ያላሰብነው ጥያቄ ነበር። ተነጋግረው እሳቸው ክፍል እንዲያድር ተስማሙ፤ ለሱሁር የሚቀሰቅሱት እሳቸው ስለሆኑ የስልኩ ደወል አያስፈልገውም። የ11 ዓመት እህቱ ደግሞ እኔንም አስተምረኝ አለች። ከዓስር እስከ መግሪብ ባለው፣ ረሃቡ በሚያይልበት ሰዓት፣ ከዕቃ ቤት የወጣው የእንጨት ቦርድ ሳሎን ተዘረጋላት።

ይህን ጽሑፍ ከማስገባታችን በፊት በ19ኛው ቀን ደወልን። ነጥቡ ብዙም አልጨመረም፤ እንዲያውም የረጅሙ ጨዋታ ተጋጣሚዎች ይከብዳሉ አለን። ሁለት ሌሊት ቃሉን አፍርሶ ሦስትና አራት ጨዋታ ተጫውቷል፤ ይህን የነገሩን እናቱ ናቸው። ሱብሒን ግን በሳምንቱ አባቱን ተከትሎ መስጊድ ሰግዷል። የካርዱን 100 ብር መልሷል፤ የሰፈሩ ልጅ ግራ ገብቶት ነበር አሉ። የትናንት ሌሊቱ ጨዋታ 40 ደቂቃ ፈጅቶ በሽንፈት አልቋል። ደብተሩ ላይ ምን እንደጻፈ አንብብልን አልነው።

«24ኛው እርምጃ። ፈረሱን አይቼው ነበር። ቸኮልኩ» ብሎ አነበበልን፤ ከኋላው እህቱ ተራህ ነው እያለች ትጠራው ነበር።