ጨው የሸሸገው ብረት

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ የሚወርድ መንገደኛ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ የተነሣበትን የደጋ ቍር ከገደሉ አፋፍ ላይ ትቶ፣ ዛሪማ ሲደርስ ከቆላው ወበቅ የተነሣ ልብሱን ያሳሳል፤ ይህም ቍልቍለት ለመኪና ከመጠረቡ አስቀድሞ በአክሱምና በጎንደር መካከል ሲራራ ነጋድያን የተመላለሱበት፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1770 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ) ወደ ጎንደር የወጣበት ጥንታዊ ጎዳና ነው። በዚያ ዘመን በሰሜኑ ገበያ ሁሉ፣ ከአፋር ምድር ተቈርጦ የሚመጣው አሞሌ ጨው ለወጥ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን ለመገበያያ ገንዘብም ያገለግል ነበር። ከዚያም እጅግ አስቀድሞ፣ በ6ኛው መቶ ዓመት፣ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ በአዱሊስ ከቆመ የድንጋይ ዙፋን ላይ ስለ ሰሜን ተራሮችና ስለ በረዷቸው የሚናገር ጽሕፈት ገልብጦ አቈይቶልናል፤ ይኸው ሰው የአክሱም ነጋድያን ወርቅ ፍለጋ ሲወርዱ በሬና ጨው፣ ብረትም ይዘው እንደሚሄዱ ጽፏል። ኮስማስ ጨውን ለብቻው፣ ብረትንም ለብቻው ቈጠረ፤ ጨው ራሱ ሌላ ብረት በውስጡ ሸሽጎ መኖሩ ግን ለሰው ልጅ የተገለጠው ከእርሱ በኋላ ከ1,200 ዓመት በላይ ቈይቶ ነው።

ያ ብረት ሶዲየም ይባላል። ከአንድ ኪሎ ንጹሕ ጨው 393 ግራሙ ሶዲየም ነው፤ የቀረው 607 ግራም ደግሞ ክሎሪን፣ በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት በቤልጅግ ምድር ወታደሮችን ለማፈን የተለቀቀው መርዘኛ አየር ነው። እንግዲህ ውሃ ሲነካው የሚቈጣ ብረትና ሳንባ የሚያቃጥል አየር ተዋሕደው፣ በየዕለቱ ከእንጀራችን ጋር የምንበላው፣ ላምና በግም እየላሱ የሚሰቡበት ጨው እንዴት ሊሆኑ ቻሉ? የሃይማኖት ሊቃውንታችን ቱሳሔንና ውላጤን፣ ማለት መቀላቀልንና መለወጥን፣ ለይተው የሚያስተምሩበት ቃል እዚህ ላይ ለሥነ ፍጥረት ትምህርትም ይረዳናል። ስንዴና አሸዋ ቢደባለቁ ቱሳሔ ነው፤ ጠባያቸው አልተለወጠምና በወንፊት ይለያያሉ። የሶዲየምና የክሎሪን ነገር ግን ውላጤ ነው፤ ሁለቱም የቀድሞ ጠባያቸውን ለቀው ሦስተኛ ነገር ሆነዋልና ወንፊትም፣ የምድጃ እሳትም አይለያቸውም።

የሶዲየምን ማኅተም የፈታው እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ ነው። በ1807 በለንደን ከተማ፣ ፖታሲየም የተባለውን የሶዲየም ወንድም ካገኘ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ኮስቲክ ሶዳ አቅልጦ የኤሌክትሪክ ኃይል ቢያሳልፍበት፣ እንደ ብር የሚያበራ ብረት ተለይቶ ወጣ። ላቲኑ ይህን ብረት ናትሪየም ይለዋል፤ ስሙም የጥንት ግብፃውያን ሬሳ ከሚያደርቁበት ናትሮን ከሚባል ጨው የመጣ ነው። በዚሁ ጨው ስም የሚጠራው የግብፅ ሸለቆ፣ ዋዲ ናትሩን፣ ለእኛ እንግዳ ቦታ አይደለም፤ ስንክሳራችን ገዳመ አስቄጥስ የሚለው፣ አባ መቃርስ የመነነበት፣ በኋላ ዘመንም የሀገራችን መነኮሳት የኖሩበት ምድረ በዳ እርሱ ነውና።

ሶዲየም አየርና እርጥበት እንዳይደርሱበት በላምባ ወይም በዘይት ውስጥ ተዘፍቆ ይኖራል። በወረንጦ አውጥተው ላምባውን ከጠረጉለት በኋላ ቢላዋ ቢያሳርፉበት፣ ብረት መሆኑን እስኪያስረሳ ድረስ እንደ ሰም ይቈረጣል፤ አዲስ የተቈረጠው ፊቱም እንደ ተወለወለ ብር ያበራል፤ ነገር ግን ተመልካቹ ዓይኑን ሳይመልስ፣ እስትንፋስ እንደ ነካው መስተዋት ይደበዝዛል፤ አየሩ ያዘው ማለት ነው። የምስር ፍሬ የምታህል ቍራሽ ሰፊ ሳሕን ውስጥ ባለ ውሃ ላይ ብትጣል፣ ከውሃ ጥቂት ስለምትቀል አትሰጥምም። ደባርቅ ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናትና ውሃ በእርሷ ዘንድ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሶዲየም የሚቀልጠው ደግሞ በ98 ዲግሪ ነው፤ እንግዲህ የደባርቅ የፈላ ውሃ እንኳ በሙቀቱ ብቻ ሊያቀልጠው የማይችለው ይህ ብረት፣ በቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲወድቅ ከራሱ በሚወጣው ትኵሳት ቀልጦ እንደ ዶቃ ይድበለበላል፤ እየተንሿሿም ከዳር እስከ ዳር ይሮጣል፤ እያነሰ እያነሰ ሄዶም ይጠፋል። በውሃው ላይ አስቀድሞ፣ ኮስቲክ ሶዳ ሲያገኘው መልኩ የሚለወጥ ፊኖልፍታሊን የተባለ መለያ ጥቂት የተጨመረበት እንደ ሆነ፣ ዶቃዋ የሮጠችበት ፈለግ ሁሉ ሮዝ መልክ ይዞ ይቀራል። ሲንሿሿ የወጣው አየር ሃይድሮጂን ነው፤ ውሃው ውስጥ የቀረውም ሳሙና ሠሪዎች የሚያውቁት ኮስቲክ ሶዳ ነው። ቍራሿ ተለቅ ያለች እንደ ሆነች ግን ነገሩ በመንሿሿት አይቈምም፤ ሃይድሮጂኑ በብጫ ነበልባል ይቀጣጠላል፤ የጋለ ብረትና ኮስቲክ ሶዳም ከፍንዳታ ጋር ወደ ተመልካች ፊት ይረጫል።

የዚህ ሁሉ ቍጣ ምንጭ አንዲት ኤሌክትሮን ናት። በሶዲየም አቶም ዙሪያ 11 ኤሌክትሮኖች አሉ፤ ሁለቱ በውስጠኛው ደረጃ፣ ስምንቱ በሁለተኛው፣ አንዷ ብቻ በውጭኛው ዳርቻ ይኖራሉ፤ ያቺም ብቸኛ ከአቶሙ እምብርት ርቃ ስለምትገኝ አያያዟ የላላ ነውና፣ ተቀባይ ሲያገኝ ሶዲየም ፈጥኖ ይሰጣታል። ክሎሪን በበኩሉ አንዲት ትጐድለዋለች። አንዱ ሰጥቶ ሌላው ተቀብሎ ሁለቱም ሲረጉ፣ በኤሌክትሪክ መሳሳብ ተያይዘው በሥርዓት ይደረደራሉ፤ የጨው ቅንጣት በማጉያ መነጽር ሲታይ አራት ማዕዘን ሳጥን የሚመስለውም ከዚህ ድርድር የተነሣ ነው።

ፍንዳታውን ግን ሊቃውንት ለብዙ ዘመን በሃይድሮጂኑ መቃጠል ብቻ ሲተረጕሙት ኖረዋል። በ2015 የቼኩ ሊቅ ፓቬል ዩንግቪርትና ባልደረቦቹ እጅግ ፈጣን በሆነ ካሜራ ቢመለከቱ፣ የሶዲየምና የፖታሲየም ቅልቅል ጠብታ ውሃውን በነካች ከአንድ ሺህኛ ሰኮንድ ባነሰ ጊዜ እንደ ጃርት እሾህ አወጣች። ኤሌክትሮኖቹ በአንድ ጊዜ ወደ ውሃው ሲሸሹ፣ በብረቱ ውስጥ የቀሩት አቶሞች ሁሉ አንድ ዓይነት ኃይል ተሸክመው እርስ በርሳቸው ተገፋፍተው ነበርና። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ በየትምህርት ቤቱ ሲታይ የኖረ ነገር ገና ያልተነበበ ገጽ እንደ ነበረው ሳስብ መደነቄን መደበቅ አልችልም።

ሶዲየምን ለማየት ግን የግድ ቤተ ሙከራ አያሻም። በቡታ ጋዝ ላይ የተጣደ ወጥ ገንፍሎ ሲፈስ፣ ሰማያዊው ነበልባል ድንገት ብጫ የሚሆነው በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም በእሳቱ ውስጥ ሲያልፍ የራሱን ብርሃን ስለሚሰጥ ነው፤ ብጫ ብርሃን የሚሰጡት የከተማ መንገድ መብራቶችም የሚሠሩት በሶዲየም ተን ነው። ዛሬ ብረቱ በብዛት የሚወጣው፣ ከ1924 ጀምሮ በታወቀው ዘዴ፣ ቀልጦ በ600 ዲግሪ ገደማ በሚጋል ጨው ውስጥ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ነው። በሩሲያ ከ1980 ጀምሮ የሚሠራ አንድ የአቶም ኃይል ማመንጫም ሙቀቱን የሚያጓጕዘው በቀለጠ ሶዲየም ነው።

በደባርቅ፣ በዳባት፣ በዛሪማም የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ተማሪ ይህን ነገር በቃሉ አጥንቶ ከሚያልፈው አንድ ጊዜ በዓይኑ ቢያየው ይሻላል፤ ስታሳዩ ግን ከምስር ፍሬ የሚበልጥ አትቍረጡ፤ መነጽር አድርጉ፤ በሳሕኑና በልጆቹ መካከልም መስተዋት አቁሙ። ትርፍራፊውን ወደ ውሃ ማፍሰሻ አትጣሉ፤ ጥቂት በጥቂቱ በንጹሕ አልኮል ይሟሟ። ሶዲየሙ እሳት ቢይዝ ውሃ አታፍስሱበት፤ ነዳዱን አልብሶ አየር የሚከለክለው ደረቅ አሸዋ ወይም ያው የወጣበት ደረቅ ጨው ነውና፣ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ የደቀቀ ደረቅ ጨው ከጠረጴዛችሁ አጠገብ አኑሩ።