የሕፃኑ የሽንት ጨርቅና የእናቱ ጭንቀት

ለሕፃን ልጅ ከሚያስፈልገው ነገር ኹሉ ምግብ ቀዳሚ መኾኑን የማያውቅ የለም። ስለ ምግቡም ብዙ ይነገራል፤ ብዙም ይጻፋል። ነገር ግን የጠባ ሕፃን ብዙ ሳይቈይ ሌላ ነገር ደግሞ ይፈልጋል፤ ይኸውም ንጹሕና ደረቅ የሽንት ጨርቅ ነው። ይህ ጉዳይ ከጓዳ የማይወጣ፥ በአደባባይም ቢያነሡት የሚያሳፍር መስሎ ስለሚታይ፥ ብዙ አስተዋዮች ሰዎች እንኳ ሳያስቡበት ኖረዋል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው በሀብቷ በታወቀችው በአሜሪካ ስለዚሁ ነገር የታየውን ችግርና፥ ችግሩን ለማቃለል ሐኪም ቤቶችና የበጎ አድራጎት ማኅበሮች በኅብረት የሠሩትን ሥራ ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከጨርቅ ወደሚጣለው

በአገራችን እናቶች ከጥንት ጀምሮ ያረጀ ነጠላና ጋቢ እየቀደዱ፥ አጥበውም ፀሐይ ላይ እያሰጡ ልጆቻቸውን አሳድገዋል። በአሜሪካም እናቶች ለብዙ ዘመን የሚታጠብ ጨርቅ ይጠቀሙ ነበር። በ1951 ወይዘሮ ማሪዮን ዶኖቫን ለፈለሰፉት ውሃ ለማያሳልፍ የጨርቅ መሸፈኛ የፈጠራ መብት ተቀበሉ። በ1961 ደግሞ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተባለው ኩባንያ አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣለውን «ፓምፐርስ» ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ የሚጣለው ዐይነት እየተስፋፋ ሄዶ የሚታጠበውን ከብዙ ቤት አስወጣው።

እዚህ ላይ «ድኻ የኾነ ሰው የሚጣለውን ከሚገዛ ለምን ጨርቅ አያጥብም?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በኑሮው ኹኔታ ይገኛል። በአሜሪካ ከተሞች ብዙ ድኾች በኪራይ ክፍል ስለሚኖሩ የራሳቸው የልብስ ማጠቢያ መኪና የላቸውም። በገንዘብ የሚታጠብባቸው የሕዝብ ማጠቢያ ቤቶችም ብዙዎቹ የሕፃን ሽንት ጨርቅ እንዲታጠብባቸው አይፈቅዱም። ልጅ የሚውልባቸው የሕፃናት ማቈያ ቤቶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚቀበሉት የሚጣለውን ዐይነት ብቻ ነው። ስለዚህ ድኻይቱ እናት ሁለተኛ መንገድ የላትም።

ችግሩ ከየት ይመጣል?

አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀን ከ8 እስከ 12 የሽንት ጨርቅ ይፈልጋል። ይህ በወር ሲሰላ ከ240 እስከ 360 ይደርሳል ማለት ነው። ወጪውም ለአንድ ልጅ በወር ከ80 እስከ 100 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ባለጸጋው ትልቁን ጥቅል በአንድ ጊዜ ሲገዛ ዋጋው ይቀልለታል፤ ድኻው ግን ዕለት ባገኘው ገንዘብ ትንሹን ጥቅል ከአጠገቡ ካለች ሱቅ ስለሚገዛ፥ ለአንዱ የሚከፍለው ከባለጸጋው ይበልጣል።

የአሜሪካ መንግሥት ለድኾች የሚሰጠው የምግብ እርዳታ በሕጉ መሠረት ለምግብ ብቻ የተወሰነ ነው። ለእናቶችና ለሕፃናት ምግብ የቆመው ሌላው ድርጅትም የሽንት ጨርቅ አይገዛም። ስለዚህ ለልጅዋ ወተት የተሰጣት እናት ልጅዋን የምታደርቅበት አጥታ ትጨነቃለች።

ጭንቀቱ በዚህ አያበቃም። የሕፃናት ማቈያ ቤቶች ብዙዎቹ ለቀኑ የሚበቃ የሽንት ጨርቅ ያላመጣችን እናት ልጅ አይቀበሉም። ልጅዋን የምታስቀምጥበት ያጣች ከሥራዋ ትቀራለች፤ ከሥራዋ የቀረች ደመወዝዋ ይጐድላል፤ ደመወዝዋ የጐደለ የነገውን ጨርቅ መግዛት አትችልም። እንዲህ ኾኖ በአንዲት ትንሽ ነገር ምክንያት ድኽነት ራሱን ይወልዳል።

ሕፃኑም በእርጥብ ጨርቅ ሲቈይ ገላው ይላጣል፤ ይቈስላል፤ የሽንት መተላለፊያ በሽታም ሊይዘው ይችላል። እንቅልፍ ያጣ ሕፃን ያለቅሳል፤ ለቅሶውን ማብረድ ያቃታት እናትም ራስዋን እንደ ክፉ እናት ትቈጥራለች። በ1ሺህ 9መቶው ዘመን ማለቂያ እንኳ ይህን ነገር በጥናት የመረመረ ሊቅ እምብዛም አልነበረም። በ2013 ግን በኒው ሄቨን ከተማ በ877 እናቶችና አሳዳጊዎች ላይ የተደረገ ምርመራ ታትሞ ወጣ። ከእነርሱም 30 በመቶ ያህሉ የሽንት ጨርቅ እንደሚያጥራቸው ተናገሩ፤ የመንፈስ ጭንቀት ያለባቸው እናቶችም በዚህ እጥረት ይበልጥ የተቸገሩ ኾነው ተገኙ። በ2023 በመላው አሜሪካ በተደረገው ጥያቄ ደግሞ ትንንሽ ልጆች ካሏቸው ቤተ ሰቦች 47 በመቶው ይኸው ችግር እንዳለባቸው ገለጹ።

ኅብረቱ እንዴት ተጀመረ?

በአሪዞና ክፍለ አገር በቱሳን ከተማ በ1994 የሽንት ጨርቅ እያሰባሰቡ ለድኾች የማደል ሥራ ተጀመረ። ወይዘሮ ጆአን ጎልድብለም የተባሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛም በሥራቸው ምክንያት ወደ ድኾች ቤት ሲገቡ የችግሩን ጥልቀት ተመልክተው፥ በ2004 በኒው ሄቨን እንዲህ ያለውን ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱም «የሽንት ጨርቅ ባንክ» ተባለ። ገንዘብ የሚቀመጥበት ሳይኾን፥ ያለው የሚያስቀምጥበት፥ የሌለው የሚያወጣበት ቤት ማለት ነው። በ2011 በየከተማው ያሉትን ባንኮች የሚያስተባብር ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባንኩ ከኩባንያዎችና ከሕዝብ በስጦታ ይቀበላል፤ በጅምላ ዋጋም ይገዛል። ከዚያም በየመጠኑ ለይቶና ጠቅልሎ ለሐኪም ቤቶች፥ ለቤተ ክርስቲያኖች፥ ለምግብ ማደያዎችና ቤት ለቤት ለሚዞሩ ነርሶች ያስረክባል። በተለይ ሐኪም ቤቱ የተመረጠበት ምክንያት አለ። ሕፃን ክትባት ለመቀበልና ለመመዘን በየጊዜው ወደ ሐኪም ይመጣል። ሐኪሙ ስለ ጡቱና ስለ እንቅልፉ ሲጠይቅ «የሽንት ጨርቅስ አላጠራችሁም?» ብሎ አብሮ ይጠይቃል። ክብደቱ ተመዝኖ ስለሚታወቅ የሚስማማው መጠን ወዲያው ይሰጣል። እናቲቱም ጨርቁን ልትቀበል ስትመጣ የልጅዋ ክትባት አይቋረጥም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እናት ይህን ችግር በራስዋ አፍ መናገር ያሳፍራታል። ከሐኪሙ በኩል ጥያቄው ለኹሉም እናት በእኩልነት ሲቀርብ ግን ኀፍረቱ ይቀራል።

ባንኮቹ የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ የወሩን ፍላጎት በሙሉ አይሸፍንም። ስለዚህ በ2024 የቴነሲ ክፍለ አገር አንድ ርምጃ ወደ ፊት ሄደ። ለድኾች በተቋቋመው የመንግሥት የሕክምና መድን በኩል ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ በወር እስከ 100 የሚደርስ የሽንት ጨርቅ ከመድኃኒት ቤት እንዲሰጥ አደረገ። ይህም የሽንት ጨርቅ የጤና ነገር መኾኑ በሕግ የታወቀበት ሥራ ነው።

ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

በዋሽንግተን፥ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን እንደሚኖሩ ይታወቃል። በዚያው አካባቢ ከ2010 ጀምሮ የተቋቋመ የሽንት ጨርቅ ባንክ አለ። ከአገሯ የራቀች ወላድ እናቷና አክስቷ በአራስነቷ አጠገቧ አይገኙም፤ ቋንቋውም ያስቸግራታል። ስለዚህ አስቀድመው የሄዱት ወገኖች ለአዲስ መጦች መንገዱን ቢያሳዩ፥ ልጃቸውንም ወደ ሐኪም ሲወስዱ ችግራቸውን ሳያፍሩ እንዲናገሩ ቢመክሩ፥ ትልቅ ውለታ ነው።

በአገር ውስጥ ላለነውም ትምህርቱ ግልጽ ነው። አራስ ጥሪ የምንሄድ ኹሉ ገንፎ ቀምሰንና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን ብቻ ከምንመለስ፥ ንጹሕ ጨርቅና ሳሙና ይዘን ብንሄድ ምንኛ መልካም ነው! በየቤቱ የሚዞሩ የጤና ሠራተኞችም ስለ ክትባቱ ሲጠይቁ ስለ ሕፃኑ መድረቂያ ቢጠይቁ፥ የዕድር ማኅበሮችም ለኀዘን እንደሚደርሱ ኹሉ ለአራሲቱ ቢደርሱ፥ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም ሳያስፈልግ ብዙ ሕፃናት ከቍስል ይድናሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።